ልጄ ከተከተበች በኋላ ለምን አተኮሳት? ስለ ክትባት፣ ስለ ትኩሳቱና ስለሚከተለው ጥርጣሬ

የእህቴ ልጅ የ45 ቀን ክትባቷን በተከተበችበት ዕለት ማታ ቤታችን ውስጥ ያንቀላፋ ሰው አልነበረም። ጠዋት በሁለቱ ጭኖቿ ሁለት መርፌ ተወግታ፣ በአፏ ሁለት ዓይነት ጠብታ ወስዳ፣ ትንሽ አልቅሳ እናቷ ጀርባ ላይ እንደተኛች ነበር የተመለሰችው። ሲመሽ ግን የግራ ጭኗ ቀልቶ ጠጠረ፣ ግንባሯ ጋለ፣ ጡት ሲሰጧት ሁለቴ ስባ ትተወውና እንደገና ታለቅሳለች። ጎረቤታችን እማማ ገብተው ገና ሲያይዋት "ምች ነው እኮ ልጄ፤ ጨቅላ ይዞ በቀትር ይወጣል?" ብለው ዳማ ከሴ ሊቀጥፉ ወደ ጓሮ ሄዱ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትኩሳቱ በረድ አለ፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ጡቷን ጠብታ ተኛች።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። የሁለተኛው ክትባት ቀጠሮ ሲደርስ እህቴ ካርዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ "ደህና ልጅ ወስጄ በሽታ ገዝቼላት የመጣሁ ነው የመሰለኝ፤ አሁንማ አልደግመውም" አለችኝ። እህቴ ክትባትን የምትቃወም ሴት አይደለችም፤ ራሷም ተከትባ ያደገች ናት። ይሁን እንጂ ትኩሳት ሊመጣ እንደሚችል፣ መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ በክትባት ክፍሉ ውስጥ የነገራት ሰው አልነበረም። ይህ ማብራሪያ ያን ዕለት ሊነገራት ይገባ የነበረውን ነገር ለሌሎች ወላጆች ለማድረስ የተጻፈ ነው።

ለመሆኑ ክትባት ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

"ከተበ" የሚለው ግስ በቋንቋችን ጻፈ ማለትም ነው፣ የበሽታ መከላከያ ሰጠ ማለትም ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው "ክታብ"ም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። የክትባትን አሠራር ከዚህ የተሻለ የሚገልጽ ቃል ማግኘት ይከብዳል፤ ሥራው የአንድን በሽታ መልክ በሰውነት የመከላከያ ኃይል ላይ መጻፍ ነውና።

ሰውነታችን በደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ነጭ የደም ሴሎች አሉት። እነዚህ ሴሎች የማያውቁት በሽታ አምጪ ተዋሲያን ሲገባ መጀመሪያ መልኩን ለይተው ማወቅ፣ ከዚያም ለእርሱ ብቻ የሚስማማ መሣሪያ ማምረት ይኖርባቸዋል። ይህ መሣሪያ ፀረ እንግዳ አካል ይባላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያመርቱት ብዙ ቀናት ይወስድባቸዋል፤ እንደ ኩፍኝ ወይም ትክትክ ያለ በሽታ ደግሞ ሕፃኑን የሚጥለው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። ክትባት በሽታውን ሳያመጣ መልኩን ብቻ ቀድሞ ያስተዋውቃቸዋል። መልኩን የያዙት ሴሎች ለዓመታት ስለሚቆዩ፣ እውነተኛው ተዋሲያን በመጣ ጊዜ ፍለጋ ሳያስፈልግ በፍጥነት ይነሣሉ።

መልኩ የሚተዋወቀው በተለያየ መንገድ ነው። አንዳንዱ ክትባት ሕያው ሆኖ የተዳከመ ተዋሲያን የያዘ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቢሲጂ)፣ የኩፍኝና በአፍ የሚሰጡት የፖሊዮና የሮታ (የተቅማጥ መከላከያ) ጠብታዎች እንዲህ ናቸው። አንዳንዱ የተገደለ ተዋሲያን፣ ሌላው ደግሞ የተዋሲያኑን ቁራጭ ብቻ ይይዛል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ትኩሳቱ የሚመጣበት ቀን የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ዘመናዊው ክትባት በገጠሩ ከመስፋፋቱ በፊት ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል የተወሰደ መግል የጤነኛን ሰው ክንድ ጭሮ ማስገባት የታወቀ ልማድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ (ከዚህ በኋላም ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፈንጣጣን ለማጥፋት በየመንደሩ የተዘዋወሩት ሠራተኞችም ልማዱን በቦታው አግኝተውታል። ያ ዘዴ እውነተኛውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ አንዳንዱን ያድን፣ አንዳንዱን ይገድል ነበር። በአያቴ ክንድ ላይ የነበረው ክብ ጠባሳ ግን በ1971 የተጀመረው ዘመቻ ምልክት ነው፤ በባለ ሁለት ጥርስ ትንሽ መርፌ ቆዳን ደጋግሞ ጠቅ ጠቅ በማድረግ ይሰጥ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የታየው በ1976 ሲሆን፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻ ሰው በ1977 በሶማሊያዋ መርካ ተገኘ። ዛሬ ያ ጠባሳ በወጣቶች ክንድ ላይ የማይታየው በሽታው ስለሌለ ነው።

ታዲያ ለምን ያተኩሳል?

በመንደር ውስጥ ሌሊት "ኡኡ!" ሲባል የሚሆነውን ማሰብ ይረዳል። ጅብ ይሁን ሌባ ገና ሳይታወቅ ሰዉ ሁሉ ይነሣል፣ መብራት ይበራል፣ ውሻ ይጮኻል። ነጭ የደም ሴሎችም እንግዳ ነገር ሲያገኙ ኡኡታ የሚያሰሙ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃሉ። መልእክቱ አንጎል ሲደርስ የሰውነትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። መርፌ የተወጋው ቦታ የሚቀላውና የሚጠጥረውም መከላከያ ሴሎች በዚያ ስለሚሰበሰቡ ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ትምህርቱ በመካሄድ ላይ ለመሆኑ ምልክት ነው። ያላተኮሰው ልጅስ? እርሱም እኩል ይጠበቃል፤ የኡኡታው ድምፅ ከሰው ሰው ይለያያል እንጂ ዝም ያለ ሰውነት አልተማረም ማለት አይደለም።

የ45 ቀኑ ክትባት ከሌሎቹ ይልቅ የሚያተኩስበት የራሱ ምክንያት አለው። በግራ ጭን የሚሰጠውና የጤና ባለሙያዎች "ፔንታ" የሚሉት መርፌ አምስት በሽታዎችን በአንድ ላይ ይከላከላል፤ እነርሱም ዘጊ አነዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ፣ እንዲሁም የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያስከትለው ሂብ ናቸው። ከአምስቱ ብዙውን ጊዜ ትኩሳት የሚቀሰቅሰው የትክትኩ ክፍል ነው። በአገራችን የሚሰጠው ክትባት የተገደለውን የትክትክ ባክቴሪያ ሙሉውን የያዘ በመሆኑ የመከላከያ ኃይሉ ብዙ ነገር ያይበታል፣ ብዙም ይጮኻል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሰጠው ደግሞ ከባክቴሪያው የተመረጡ ቁራጮችን ብቻ የያዘ ነው፤ ትኩሳቱ ይቀንሳል፣ የሚሰጠው ጥበቃ ግን ቶሎ እየሳሳ እንደሚሄድ በእነዚያው አገሮች ታይቷል። ዘመድ ከዋሽንግተን ደውሎ "የእኔ ልጅ ምንም አልሆነ፤ የእናንተ መድኃኒት ምን ቢሆን ነው?" ሲል መልሱ ይህ ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ክትባቶች ናቸው።

የፔንታ ትኩሳት በዚያው ዕለት ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል። የኩፍኝ ክትባት ሰዓት ግን ሌላ ነው። የተዳከመው ሕያው ቫይረስ በሰውነት ውስጥ ጥቂት እስኪራባ ድረስ ኡኡታ ስለማይኖር፣ ትኩሳትና ቀላል ሽፍታ የሚታየው ከተከተበ ከ6 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እናትየው ክትባቱን ረስታ ልጇ ድንገት ታሞ ሲያገኝባት ትደነግጣለች፤ ወይም "ኩፍኝ ወጋንለት፣ ኩፍኝ ያዘው" ትላለች። ከክትባቱ የሚመጣው ሽፍታ በሁለትና በሦስት ቀን ይከስማል፤ እንደ እውነተኛው ኩፍኝም ወደ ሌላ ልጅ አይተላለፍም።

ከሁሉም የሚዘገየው ቢሲጂ ነው። ልጁ እንደተወለደ ክንዱ ላይ በቆዳ ውስጥ የሚሰጠው ይህ ክትባት ከሁለት ሳምንት በኋላ ትንሽ እብጠት ያወጣል፤ እብጠቱ መግል ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ቅርፊት ይዞ ቀስ በቀስ ይድንና ጠባሳ ይተዋል። ሂደቱ ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ብዙ እናቶች በዚህ ጊዜ ቅባት ይቀቡታል፣ ቅጠል ያስሩበታል፣ ወይም መግሉን ያፈርጡታል፤ ሦስቱም ቁስሉን ከማቆየት በቀር አይጠቅሙም። ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መተው ይበቃል። ጠባሳ ያልቀረበት ልጅም እንደገና መከተብ አያስፈልገውም።

መቼ ነው ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ያለብን?

ለተለመደው ትኩሳት ጡት አዘውትሮ ማጥባት፣ ልብስ ማሳሳትና እንደ ልጁ ክብደት ባለሙያ የነገረውን ያህል ፓራሲታሞል መስጠት በቂ ነው። በጨቅላ ላይ ልብስ መደራረብ ሙቀቱን ያብሰዋል፤ "ብርድ እንዳይመታት" ብለን ያን ሌሊት ያደረግነውም ይህንኑ ነበር። ዳማ ከሴም ሆነ ሌላ ጭማቂ ለሁለት ወር ላልሞላው ልጅ በአፍ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ከበለጠ፣ ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ከሦስት ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ካለቀሰ፣ ጡት ጨርሶ ካልሳበ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሌሊት ቀን ሳይባል መሄድ ያስፈልጋል። ከባድ የአለርጂ ድንጋጤ የሚደርሰው ከ1 ሚሊዮን ክትባት በአንዱ ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚታይ ከተወጉ በኋላ ጥቂት ቆዩ የሚባለው ለዚህ ነው። ጉዳት ጨርሶ የለም ብሎ መናገር እውነት አይሆንም። በ2021 በብዙ አገሮች ለኮቪድ የተሰጠው የአስትራዜኔካ ክትባት በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ አደገኛ የደም መርጋት እንደሚያስከትል የታወቀው፣ ከተከታቢዎች የሚመጣው ሪፖርት በየቀኑ ይሰበሰብ ስለነበር ነው። ስለዚህ ያዩትን ለጤና ባለሙያው መንገር ለሌላው ልጅም ይጠቅማል።

አንድ ጊዜ ለምን አይበቃም?

አንድ ጊዜ ያዩትን ፊት መርሳት ይቻላል፤ ሦስት ጊዜ ያዩትን ግን ያስታውሱታል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚደጋገመው ፔንታ ለዚህ ነው፤ ከመጀመሪያው መርፌ የሚገኘው ጥበቃ ቀጭን ነው፣ ሦስተኛው ያጸናዋል።

የኩፍኙ ምክንያት ከዚህ የተለየ ነው። ልጅ ሲወለድ ከእናቱ ፀረ እንግዳ አካላትን ስንቅ ይዞ ይወጣል። ይህ ስንቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኩፍኝ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን ክትባቱ ውስጥ ያለውን የተዳከመ ቫይረስም ጠላት ነው ብሎ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቀድሞ መከተብ ብዙ አይጠቅምም፤ በጣም ማዘግየት ደግሞ ስንቁ ያለቀበትን ልጅ ለበሽታው ያጋልጠዋል። 9 ወር የተመረጠው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እንዲያም ሆኖ በ9 ወራቸው ከተከተቡት 100 ልጆች ወደ 15 የሚሆኑት የእናት ስንቅ ገና ስላላለቀ ወይም በሌላ ምክንያት ጥበቃውን አያገኙም። በ15 ወር የሚሰጠውና በኢትዮጵያ በ2019 የተጀመረው ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት እነዚህን ልጆች ይደርስላቸዋል። ኩፍኝ ካልተከተበ ማኅበረሰብ መካከል አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ የሚችል በመሆኑ፣ እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95ቱ ያህል ጥበቃ ሊኖራቸው ይገባል።

"ዛሬ አይሆንም፣ ሐሙስ ተመለሱ" የሚባለው ለምንድን ነው?

እህቴ ለዘጠኝ ወሩ ክትባት ሁለት ሰዓት በእግር ሄዳ ይህ ተብላ ተመልሳለች፤ ምክንያቱን የነገራት የለም። የሆነው ይህ ነው። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባቶች በደረቅ ዱቄት መልክ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣሉ። አንዱ የኩፍኝ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ10 ልጅ፣ የቢሲጂው ለ20 ልጅ ይሆናል። በማሟሟ ፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ውስጡ ባክቴሪያን የሚከላከል ነገር ስለሌለው በ6 ሰዓት ውስጥ መጣል አለበት። ደንቡ ሲጣስ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2017 በደቡብ ሱዳን ታይቷል፤ በካፖኤታ አካባቢ ያለ ቅዝቃዜ ለቀናት በቆየና በአንድ ስሪንጅ ተደጋግሞ በተበጠበጠ የተበከለ የኩፍኝ ክትባት 15 ሕፃናት ሞተዋል። ገዳዩ ክትባቱ ራሱ አልነበረም፤ ብልቃጡ ውስጥ የገባው ብክለት ነበር።

ሦስት ልጅ ብቻ የመጣ ቀን ሠራተኛዋ ብልቃጡን ከከፈተች የሰባት ልጅ መድኃኒት ይደፋል፤ ካልከፈተች ሦስት እናቶች በከንቱ ይመለሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ልጅም ቢሆን እንዲከፈት ይመክራል፤ እኔም ትክክሉ ይህ ነው እላለሁ፣ የተደፋ መድኃኒት ይተካል፣ ተስፋ ቆርጣ የቀረች እናት ግን ሁልጊዜ አትመለስምና። ቢያንስ ቢያንስ ምክንያቱን መናገር ይገባል።

ያልተከተቡት ልጆች ወላጆቻቸው ክትባት ስለሚጠሉ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከነበሩ 100 ልጆች ውስጥ 39ኙ መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ጨርሰዋል፤ 16ቱ አንድም አልተከተቡም። የቀሩት 45ቱ ጀምረው ያልጨረሱ ናቸው። እነዚህን 45 ልጆች አንድ ቀን ተሸክሞ ጤና ኬላ ያደረሳቸው ሰው ነበር። ስለ ክትባት ጥርጣሬ ሲወራ ሁልጊዜ የሚታየኝ ይህ ቁጥር ነው፤ ከእምቢተኛው ይልቅ ሄዶ የተመለሰው ይበዛል።

የሚያስቀሩ ምክንያቶች በየቤቱ አሉ። አራስ ሴት ከቤት እንዳትወጣ፣ ሕፃኑም ክርስትና ሳይነሣ ፀሐይና የሰው ዓይን እንዳይነካው ይጠበቃል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ የምትሸሸግ ሴት ልጅ የ6 ሳምንቱም የ10 ሳምንቱም ቀጠሮ ያልፋታል፤ ከወንድሟ ይልቅ እርሷ ትጎዳለች። ልጅን ለጥምቀት መጠበቅና ልጅን ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ግን የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም፤ ታሞ ቢሆን ኖሮ ማንም ቤት አያስቀረውም ነበር። በሌላ በኩል ጉንፋን ወይም ቀላል ተቅማጥ ያለበት ልጅ "ሲሻለው" ተብሎ ይቀራል፤ ቀላል ሕመም ክትባትን አይከለክልም።

ስለ መካንነትና ስለ ኦቲዝም የሚወራውስ?

ከማኅፀን በር ካንሰር የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት መሰጠት ሲጀምር "ሊያመክኗቸው ነው" የሚል ወሬ ተከትሎታል። ጥያቄው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ለሴቶች ብቻ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ወላጅ በሌለበት መሰጠቱ ያስጠይቃል። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ ክትባቱ ከዚያ በፊት ሲሰጥ ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለው የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት ፕሮቲን ብቻ ነው፣ ፍሬው እንደ ወጣለት ገለባ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ አገሮች ሲሰጥ ቆይቷል፤ መካንነት እንደሚያስከትልም አልታየም። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ ነው፤ ከሕክምናዎቹ አንዱ ማኅፀንን ማውጣት ነውና።

ኦቲዝምን፣ ማለትም የልጅን መግባቢያና ባሕርይ የሚነካውን የአእምሮ ዕድገት ችግር፣ ከኩፍኝ ክትባት ጋር ያያያዘው ወሬ የተነሣው በ1998 በእንግሊዝ በ12 ልጆች ላይ ከተጻፈ አንድ ጽሑፍ ነው። ያወጣው መጽሔት በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል፤ ዋናው ጸሐፊም ከሐኪምነት መዝገብ ተሰርዟል። በ2019 በዴንማርክ ከ650,000 በላይ ልጆችን የተከታተለ ጥናት በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ልዩነት አላገኘም። የኦቲዝም ምልክቶች ለወላጅ ጎልተው የሚታዩበት ዕድሜ ከኩፍኝ ክትባት ዕድሜ ጋር መገጣጠሙ ግን ሐሳቡ በቀላሉ በሰው ልብ ውስጥ እንዲቀመጥ ያደርገዋል።

ቀጠሮ ካለፈን እንደገና ከመጀመሪያው ነው?

አይደለም። የተጻፈው አይጠፋም፤ ካቆሙበት ይቀጥላል። ካርዱ ቢጠፋም መሄድ ይቻላል። እህቴ ልጇን ለሁለተኛው ፔንታ የወሰደቻት ሁለት ሳምንት ዘግይታ ነበር፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሳትቆጣት መርፌውን ሰጠችና "ዛሬ ማታ ታተኩሳለች፣ ነገ ማታ ይተዋታል" አለቻት። አተኮሳት፣ ተዋትም፤ ሦስተኛውን በቀኑ ወሰደች።

ለኩፍኙ ሐሙስ ተመልሳ ካስከተበቻት በኋላ በሌላው ሳምንት ዓርብ ቤቷ ስደርስ ልጅቷ ፊቷ ላይ ቀላል ሽፍታ ወጥቶባት፣ ሰውነቷም ለብ ብሎ አገኘኋት። እማማ በር ላይ ቆመው "ይቺ ልጅ ደግሞ ምን ነካት?" ይላሉ። እህቴ በጣቷ ቆጥራ "ስምንተኛ ቀኗ ነው እማማ፤ ነግረውኛል" አለቻቸውና ነጠላዋን ከላይዋ ላይ ገፈፍ አደረገችላት። የ15 ወሯ ቀጠሮ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፏል።